መልስ፦ ስፖርተኛ ገንዘቡን ይስጥ ወይስ ስሙን?

«ታዋቂ ስፖርተኛ ለበጎ አድራጎት ገንዘቡን ቢሰጥ ይሻላል ወይስ ስሙን?» ላልከው፣ እኔ ስሙን እላለሁ። ገንዘብ ያልቃል።

የእንግሊዙን እግር ኳስ ተጫዋች ማርከስ ራሽፎርድን እይ። ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ይበላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ መንግሥት ለድሃ ተማሪዎች የሚሰጠውን የምግብ ኩፖን በሐምሌና ነሐሴ እረፍት አልሰጥም ሲል፣ ለፓርላማ አባላት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በማግስቱ መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ልጆች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከደሞዜ ልሸፍን ቢል የት ይደርሳል?

ገንዘብ ከሆነም ራሱ በሚያውቀው ችግር ላይ ይዋል። ሴኔጋላዊው እግር ኳስ ተጫዋች ሳዲዮ ማኔ በትውልድ መንደሩ ባምባሊ ያሠራው ሆስፒታል በ2021 ተመርቋል። አባቱ ታሞ ሲሞት ማኔ 7 ዓመቱ ነበር፤ መንደሩም ሆስፒታል አልነበረውም። ምን እንደጎደለ አማካሪ አላስፈለገውም።

የማይዋጥልኝ የፎቶ ልገሳ ነው። እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት አንድ ተጫዋች ኳስ ሊያድል መጥቶ ነበር። ካሜራው ከኳሱ ይበዛ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ኳሶቹ ተንፍሰው ስቶር ገቡ። መንፊያ ያመጣ የለማ!