የግዕዝ ፊደል «ከፊንቄ ተወለደ» ማለት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «ፊንቄያውያን በንግድ አማካይነት ፊደልን ለዓለም አዳረሱ፤ የግሪክም ሆነ የግዕዝ ፊደል ከእነርሱ ተወለደ» ብዬ ጻፍሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ተወለደ» የሚለው ቃል ለግዕዝ አይሆንም አሉኝ። እውነት ነውን? ስሙንስ ፊንቄ ልበል ወይስ ፎኒሺያ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። «ተወለደ» የእናትና የልጅ ዝምድናን ስለሚያመለክት ለግሪኩ ፊደል በሚገባ ይስማማል፤ ለግዕዙ ግን አይስማማም።

ፊንቄያውያን በዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ፣ በጢሮስ፣ በሲዶናና ግሪኮች ቢብሎስ በሚሏት በጌባል ተቀምጠው የዝግባ ግንድ፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣ ሐምራዊ ቀለምና የብረታ ብረት ሥራ እየጫኑ እስከ እስፔን ጠረፍ ድረስ ይነግዱ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የጢሮሱን ንጉሥ ኪራምን ያውቀዋል፤ ለሰሎሞን ዝግባ ልኮ ስንዴና ዘይት የተቀበለው እርሱ ነው። ጽሕፈታቸው 22 ፊደላት ብቻ ስለነበሩት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ምልክቶችን ማጥናት ከሚጠይቁት ከግብፅና ከመስጴጦምያ ጽሕፈቶች ይልቅ ለመማር እጅግ ይቀል ነበር፤ ከነጋዴዎቹም ጋር ባሕር ተሻገረ። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን በዚሁ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ወገኖቹ ፊደሎቹን «የፊንቄ» ይሏቸው እንደነበር መዝግቧል። ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ «ቤታ» በግሪክኛ ከፊደልነቱ በቀር ትርጉም የለውም፣ የፊንቄው የፊደል ስም «ቤት» ግን ለእኛ አስተርጓሚ አያሻውም።

የግዕዝ ፊደል የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የቅርብ ወላጁ 29 ፊደላት የነበሩት የደቡብ ዓረቢያ፣ ማለትም የሳባውያን፣ ጽሕፈት ሲሆን፣ ይህ ቅርንጫፍ ከፊንቄው ጋር ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የበቀለና የፊንቄ ፊደል በ22 ከመወሰኑ አስቀድሞ የተለየ ነው። ለዚህ ዋነኞቹ ምስክሮች፣ በአማርኛ የራሳቸው ድምፅ ስለጠፋ ብዙ ሰው «ትርፍ» የሚላቸው ኀ እና ፀ ናቸው። ፊንቄያውያን ኀን ከሐ፣ ፀንም ከጸ ለይተው የሚጽፉበት ፊደል አልነበራቸውም፤ የሳባውያን ጽሕፈት ግን አራቱንም ለይቶ ጠብቆ ለግዕዝ አስረክቧል። ከሌላቸው ደግሞ ልንወርስ አንችልም። እነዚህን ፊደላት ከገበታው ለማውጣት የሚቻኮል ሁሉ ይህን የታሪክ ማስረጃነታቸውን አስቀድሞ ቢያስብበት እወዳለሁ።

ሁለተኛው ማስረጃ የፊደሎቹ ተራ ነው። በሶርያ ጠረፍ በነበረችው በኡጋሪት ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሸክላ ጽላት ላይ ከተጻፉት የፊደል ገበታዎች አብዛኞቹ ፊንቄያውያን በተከተሉት በአ፣ በ፣ ገ ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ልጆቻችን ዛሬም እንደሚቆጥሩት በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይጀምራል። ሁለቱም ተራዎች በዚያን ጊዜ ጎን ለጎን ይታወቁ ነበር ማለት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ የሚጠናው አቡጊዳ ደግሞ ያን ሌላውን ተራ ይዞ፣ አን ከግዕዝ፣ ቡን ከካዕብ፣ ጊን ከሣልስ፣ ዳን ከራብዕ እየወሰደ ይሄዳል።

ዝምድናውን ለተማሪዎችዎ በዓይናቸው ለማሳየት ዐን በሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው። የዓይን ሥዕል የነበረው ይህ ክብ በፊንቄም፣ በሳባም ክብ ነበር፣ በግዕዝም ክብ ነው። ግሪኮች ግን የዚህን ፊደል ድምፅ በቋንቋቸው ስላላገኙት፣ ያንኑ ክብ «ኦ» ለሚለው አናባቢ አዋሉት፤ አልፍ የተባለውንም ተነባቢ (የእኛን አ) እንዲሁ ለ«አ» አናባቢ አዋሉት። አናባቢን በተነባቢ ቦታ መጻፍ የእነርሱ መፍትሔ ሆነ። የእኛ ጸሐፍት በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ የመረጡት ሌላ ነው፤ ተነባቢውን ሳይለቁ መልኩን በቅጥያ እየለወጡ ሰባቱን ድምፆች አስነበቡት።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገርዎን «የግሪክ ፊደል ከፊንቄ ፊደል ተወለደ፤ የግዕዝ ፊደል ግን በሳባውያን ጽሕፈት በኩል ከፊንቄው ጋር ከአንድ ምንጭ ይገናኛል» ብለው ቢያርሙት ይቃናል። ስሙን በተመለከተ «ፎኒሺያ» በእንግሊዝኛ አነባበብ በኩል የገባ ነው፤ «ፊንቄ» ግን በአማርኛው የሐዋርያት ሥራ ውስጥ የሚገኝ ነባር አጻጻፍ ስለሆነ፣ ሕዝቡንም «ፊንቄያውያን» ብሎ መጥራት ይመረጣል።