ብሉቤሪ ወይስ ማንጎ? ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ጓሮ ፍራፍሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሆለታ፣ ከለገጣፎና ከአቃቂ ጻፋችሁልኝ። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ሁለት ተክሎች ነው፤ ዘመድ ከውጭ ስለሚያወራለት ብሉቤሪ ስለሚባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬና ሁላችንም ስለምንወደው ማንጎ። አንዱ የብርድ አገር ቁጥቋጦ ነው፣ ሌላው የሞቃት አገር ዛፍ። አንዱ ለምን እንደሚያስቸግር ከገባን የሌላውም ይገባናል። ስለዚህ ጎን ለጎን አድርጌ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ብሉቤሪ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ የሚችል ተክል ነው ይላሉ። ታዲያ እዚህ ምን ያቅተዋል?

ብርዱን ይችለዋል፣ ወንድሜ። ችግሩ ብርዳችን ቶሎ መሄዱ ነው።

ብሉቤሪ የሰሜን አሜሪካ ቁጥቋጦ ነው። እዚያ ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ቅጠሉን ያረግፍና ይተኛል። ከዚያ የብርድ ሰዓት ይቆጥራል። የሰሜኖቹ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ማግኘት አለባቸው። ይህ ካልሞላ እምቡጡ በደንብ አይከፈትም። ተክሉ እንዲህ መሆኑ ለራሱ ይጠቅመዋል፤ በብርዱ ወራት መካከል ሁለት ሦስት ቀን ሞቅ ቢል ተታሎ አያብብም።

አሁን ወደ ሱሉልታ እንምጣ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ጀርባ ያቃጥላል። የቀኑ ሙቀት ሌሊት የተጠራቀመውን የብርድ ሰዓት መልሶ ይሰርዘዋል። የቀኑም ርዝመት ነገር አለ። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ተክሉ የመኝታ ጊዜው መድረሱን የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም። ስለዚህ በደንብ ሳይተኛ፣ በደንብም ሳይነቃ ዓመቱ ያልፋል። ከአንዱ ቅርንጫፍ ጥቂት አበባ ያሳይና ሌላው ዝም ይላል። ሰው ይህን ሲያይ ማዳበሪያ ይጨምራል። ማዳበሪያ ግን የብርድ ሰዓትን አይተካም።

እኔ ከቡራዩ ነኝ። እናቴ ከአርባ ምንጭ የመጣ ማንጎ በልታ ፍሬውን ተከለችው። በቀለ፣ ግን ከጉልበቴ አልፎ አያውቅም። አልሞተም፣ አላደገም። ምን እናድርግለት?

እናትሽን ሰላም በይልኝ። የእሷ ማንጎ የብሉቤሪው ተቃራኒ ችግር ነው ያለበት። ብሉቤሪው የሚጠብቀው ረጅም ብርድ ነው፤ ማንጎው ደግሞ የሚጠብቀው ሙቀት ነው። ሁለቱም ቡራዩ ላይ የሚፈልጉትን ያጣሉ።

ማንጎ ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደስ ብሎት ያድጋል። ከ15 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። የቡራዩ ሌሊት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በታች ነው። ዛፉ ቀን ቀን ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ሲያድግ ቀይ የሚሆነው ለጋ ቅጠሉ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ማንጎም ቢሆን ለማበብ ትንሽ ቅዝቃዜ ወይም ድርቀት ይወዳል። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ወይም ዝናቡ ሲቆም ቅጠል ማውጣቱን ይተውና ወደ አበባ ይዞራል። ግን ቅዝቃዜው ከመጠን ካለፈ የአበባው ዱቄት ይደክማል። ያኔ ፍሬ ቢይዝም ውስጡ ዘር የሌለው ትንሽ ፍሬ ይሆንና ይረግፋል። አበባው ላይ ዝናብ ሲጨመር ደግሞ የፈንገስ በሽታ ያጠቁረዋል።

እና ምን ታድርጉ? ከደቡብ አቅጣጫ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ አጠገብ ካለ እዚያው ተዉት። በበጋ ፀሐዩ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል ግድግዳው ይሞቃል። ለጥላና ለትዝታ ይሆናል። ፍሬ ግን አትጠብቁ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ዘመድ ካላችሁ ችግኙን ለእነሱ ስጧቸው።

በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ማንጎ ብተክልስ?

ቀን ላይ በጣም ይሞቃል፣ ሌሊት ግን ማሞቂያ ከሌለው የውጭውን ያህል ይበርዳል ማለት ነው። ገንዘብዎን ለቲማቲምና ለእንጆሪ ያውሉት።

ሆለታ ያለው ቀይ አፈራችን ኮምጣጣ ነው ተብለን ኖራ ጨምሩ ተባልን። ለብሉቤሪም እንጨምር?

በፍጹም! ብሉቤሪ የሚወደው ኮምጣጣ አፈር ነው፤ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ4.5 እስከ 5.5። ለስንዴና ለገብስ የሚያስቸግራችሁ አፈር ለእሱ ምቹ ነው። ኖራ አትጨምሩበት፣ የምድጃ አመድም አትድፉበት። ብዙ ቤት አመድ ሁሉ ለተክል ጥሩ ነው ተብሎ ይደፋል፤ ይህን ተክል ግን ይጎዳዋል። ቅጠሉ ይቢጫል፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

ዘመዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰሜንና የባሌ ተራሮች ላይ ያለው አስታ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የብሉቤሪ ሥር ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ውኃ እንዲተኛበትም እንዲደርቅበትም አይፈልግም። ስለዚህ የአቃቂና የበቾ መረሬ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ አይሆነውም፤ በክረምት ይረግረጋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መረሬ ላይ ያላችሁ በትልቅ ባልዲ ሞክሩት፤ ባልዲው ውስጥ ከቆፈራችሁት አፈር ይልቅ የበሰበሰ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ ይብዛበት። ማንጎ በአፈር በኩል ከብሉቤሪ በጣም የተሻለ ቻይ ነው፤ ሙቀት እስካገኘ ድረስ ብዙ ዓይነት አፈር ላይ ይኖራል።

ታዲያ ለእኛ የሚሆን ብሉቤሪ ጭራሽ የለም?

አለ። በፍሎሪዳ ተመራማሪዎች የሰሜኑን ብሉቤሪ ቅጠሉን ከማያረግፍ የደቡብ ዘመዱ ጋር አዳቅለው ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች አውጥተዋል። አንዳንዶቹ በ200 ሰዓት አካባቢ ይረካሉ፤ አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ሳያረግፉም ያፈራሉ። ፔሩ ብሉቤሪ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው በእንዲህ ያሉ ዝርያዎች ነው፤ እርሻዎቿ ውርጭ የማያውቅ የባሕር ዳርቻ በረሃ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሲገዙ ስሙን ብቻ አይጠይቁ። ስንት የብርድ ሰዓት እንደሚፈልግ ይጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ አይግዙ።

ዘመዶቻችሁ በሻንጣ ችግኝ እንዲያመጡላችሁ ግን አታድርጉ። ችግኝ ያለ ኳራንቲን (የተክል ተባይና በሽታ ቁጥጥር) ፈቃድ አይገባም፤ ደንቡም ትክክል ነው። የማንጎ ነጭ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የምዕራቡን ገበሬ ስንት አስለቅሷል። ተባይ ከገባ በኋላ አይመለስም።

አቃቂ ነኝ። ማንጎ ካልሆነ አቮካዶስ?

ይሆናል፣ እህቴ። አቃቂ ዝቅ ያለ ነው፣ አቮካዶም ከማንጎ የተሻለ ቅዝቃዜ ይችላል። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ፣ ችግኝ ይግዙ። ከዘር ከተከሉት ዓመታት ይወስዳል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ይትከሉት፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ጋሼ፣ እርስዎ ሱሉልታ ላይ ቢሆኑ ምን ይተክሉ ነበር?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መጀመሪያ አና የሚባለውን አፕል። እስራኤል ውስጥ የወጣ ዝርያ ነው፤ ብዙ ብርድ አይጠይቅም። ዶርሴት ጎልደን የሚባለውን አብረው ይትከሉ፤ አብረው ስለሚያብቡ ይዳቀላሉ። የጨንቻ ገበሬዎች አፕልን በደጋ ምድር ማሳካታቸውን ሁሉም ያውቃል። ዛፉ በራሱ ካልተኛ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ማርገፍ ይቻላል፤ በዚህ ዘዴ እምቡጡ እኩል ይነቃል። ከዚያ ኮክ። ኮክ ለሸገር ዙሪያ ጓሮ የታወቀ ነው።

ከዚያ ደግሞ ችላ ያልናቸውን። ኮሽም አጥርም ፍሬም ነው። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን የሆነ የራሳችን ቁጥቋጦ ነው። የጽጌረዳ ዘመዶች አብዛኞቹ የብርድ አገር ናቸው፤ ቀጋ ግን ከእኛ ደጋ ጋር ተስማምቶ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ይዞ ይኖራል። ሌሊት ይበርደዋል፣ ቀን ይሞቀዋል፣ ያፈራልም። ብሉቤሪው ያቃተውን እሱ ችሎታል። አጥር ላይ ስናየው እሾህ ብቻ ይመስለናል እንጂ ፍሬው ይበላል። ልጆቻችን ጣዕሙን ሳያውቁት እያደጉ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ችግኜን ከኅዳር ውርጭ እንዴት ላድነው?

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ስለዚህ ከሜዳው ይልቅ ተዳፋቱ ላይ ይትከሉ። አጥርዎ ከታች በኩል ድፍን ከሆነ ብርዱን ያቁተዋል፤ መውጫ ይተዉለት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ካጣ የዚያን ሌሊት ውርጭ ይጠብቁ። ከሰዓት በኋላ አፈሩን ውኃ ያጠጡት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። በዚያ ሰሞን ግንዱ ሥር ያለውን ጉዝጓዝ ገለል ያድርጉት፤ ሙቀቱ ከአፈሩ እንዳይወጣ ይከለክላል። ማታ ችግኙን በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑት፤ ጆንያው ቅጠሉን እንዳይነካ እንጨት ይትከሉለት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያንሱት።