በትንሽ አዳራሽ ለምትዘፍኑ ጊታሪስቶች

ውድ ወጣቶች፣

ጊታር አንግታችሁ ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ ባለው በአንደርግራውንድ የሮክ መድረክ ለመዝፈን ለቆረጣችሁ ሁሉ፣ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ከኖርሁ በኋላ ልነግራችሁ የምሻው ስለ ዝና ሳይሆን በሙያው ውስጥ ሳይጎዱ ረጅም ጊዜ ስለ መቆየት ነው።

ትንሽ አዳራሽ ለዘፋኝ ከትልቁ ይልቅ ይከብዳል። ድራሙ ከጀርባችሁ በጥቂት እርምጃ ርቀት ይመታል፤ ጊታሪስቱ ራሱን ለመስማት አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ ከፍ ያደርጋል፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹም ይከተለዋል፤ በመጨረሻ የራሱን ድምፅ መስማት ያቃተው ዘፋኝ ሳይታወቀው መጮኽ ይጀምራል። የድምፅ አውታሮች በየምሽቱ እንዲህ ሲጋጩ ያብጣሉ፤ ልማዱ ከቀጠለም ኖዱል የሚባል እብጠት ሊወጣባቸው፣ ድምፁ ሊሻክርና ከፍ ያለው ኖታ ሊጠፋ ይችላል። መዝፈኑንም መጫወቱንም አንድ ሰው ሲይዘው ግን መድኃኒቱ በእጁ ነው፤ አምፑን ከወለል አንስታችሁ ወደ ራሳችሁ ጆሮ ብታዘነብሉት በዝቅተኛ ድምፅም ጥርት ብሎ ይሰማችኋል፣ ጉሮሯችሁም ያርፋል። ሻካራነቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጉሮሮ ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው።

የጆሮው ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ምክንያቱም የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በቀን ለ8 ሰዓት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲሆን፣ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል የሚመከረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሮክ ባንድ ልምምድ ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል። “ዘ ሁ” የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ የመስማት ችሎታው እንደተጎዳ በይፋ መናገሩን አስታውሱ። ለሙዚቀኞች የተሠራ የጆሮ መሰኪያ ከመድረክ ይልቅ በልምምድ ክፍል ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ሰዓት የምታሳልፉት እዚያ ነውና።

መዝፈንና መጫወትን አንድ ላይ ለማስኬድ የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ እጃችሁ ሳታስቡበት እስኪጫወት ድረስ ጊታሩን ብቻውን በዝግታ ልመዱት፣ ግጥሙን ከዚያ በኋላ አምጡበት።

ስለ ባለቤትነትም ጥቂት ልበል። አሜሪካውያኑ የፓንክ ሮክ ሙዚቀኞች ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1980 በዋሽንግተን ዲሲ “ዲስኮርድ ሪከርድስ” የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ቤት ያቋቋሙት የተበተነ ባንዳቸውን ሥራ ራሳቸው ለማሳተም ነበር፤ ማካይ ከ1987 ጀምሮ በዘፋኝነትና በጊታሪስትነት የሠራበት ፉጋዚ የተባለው ባንድም አልበሞቹን ያወጣው በዚሁ ቤት ነው። ሁሉም ሰው አሳታሚ መሆን አይጠበቅበትም። ሆኖም የድርሰቱ (የዜማውና የግጥሙ) መብትና የተቀረጸው ድምፅ መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሳትረዱ ምንም ውል አትፈርሙ፤ ከባንድ ጓደኞቻችሁ ጋርም ዜማውና ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል፣ ባንዱ ቢበተን ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር፣ ገና በፍቅር ሳላችሁ በጽሑፍ አስፍራችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት።