ዲስካችሁ ተንሸራቷል ለተባላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ ወገብ ሕመም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ዲስክ ነው። ከእሱ ልጀምር።

«ዲስክህ ተንሸራቷል ተባልኩ። ወደ ቦታው የሚመልስልኝ ጎበዝ ወጌሻ ታውቃለህ?»

ወንድሜ፣ ዲስክ አይንሸራተትም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ከላዩና ከታቹ ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ነው። ዙሪያውን ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ኮላጅን ከሚባል ጠንካራ ክር የተሠሩ ንብርብሮች ይዘውታል፤ መሐሉ ውኃ የበዛበት ዝልግልግ ነው። ንብርብሩ ሲሰነጠቅ ዝልግልጉ ገፍቶ ይወጣና ነርቭ ይነካል። እግር ድረስ የሚወርደው የሚያቃጥል ሕመም ከዚህ ይመጣል።

ይህን በእጅ ገፍቶ መመለስ አይቻልም። እባክህ ማንም ወገብህን እንዲረግጥ ወይም በኃይል እንዲጠመዝዝ አትፍቀድ። ደስ የሚለው ነገር፣ ሰውነት ራሱ ያጸዳዋል። የወጣውን ቁራጭ እንደ ባዕድ ስለሚያየው ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች መጥተው ይበሉታል። እንዲያውም ተቆርጦ የወጣው፣ ትንሽ ብቻ ካበጠው ይልቅ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።

«34 ዓመቴ ነው። የኤም አር አይ ውጤቱ ላይ ዲስኩ ደርቋል፣ አርጅቷል ይላል። በዚህ ዕድሜ?»

እህቴ፣ ይህን ወረቀት ይዘው እያለቀሱ የሚመጡ ሰዎችን ስለማይ መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

ዲስክ በሰውነታችን ውስጥ የደም ሥር ከማይገባባቸው ክፍሎች ትልቁ ነው። መሐሉ ያሉት ሴሎች ቅርብ ከሚባለው የደም ሥር እስከ 8 ሚሊሜትር ሊርቁ ይችላሉ። ኦክስጅኑም ስኳሩም ከአጥንቱ ወለል ተነስቶ፣ በስስ የልም አጥንት ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ነው የሚደርሳቸው። ቆሻሻውም በዚያው መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ሴሎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚኖሩትም በረሃብና በአሲድ ውስጥ ነው። ሥራቸው አግሪካን የሚባል ውኃ ሳቢ ሞለኪውል ማምረት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ሽፋኑ ይደነድናል፣ ምግቡ ይቀንሳል፣ አግሪካኑ ይሰባበራል፣ ውኃውም ይሸሻል። ኤም አር አይ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው ይኸው ነው።

ይህ ደግሞ ገና በወጣትነት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ግምገማ ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ምስል ሰብስቦ አይቷል። ያረጀ ዲስክ በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ30 ዓመት 52 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ ሰዎች ላይ ተገኝቷል። ልብ በይ፣ እነዚህ የማያማቸው ሰዎች ናቸው! ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ የሕመምሽ ምክንያት እሱ ለመሆኑ ግን ማስረጃ አይሆንም።

«ታዲያ የሚያመኝ ምኑ ነው?»

ጤነኛ ዲስክ ውስጥ ነርቭ ያለው የውጪው ንብርብር ላይ ብቻ ነው። በስንጥቁ በኩል ነርቭና ቀጫጭን የደም ሥሮች ወደ ውስጥ ሊያድጉ ይችላሉ። የተጎዱት ሴሎች ደግሞ የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫሉ። የአንዳንዱ ሰው ሕመም ከዚህ ነው። የሌላው ከአጥንቱ ወለል፣ ከትንንሾቹ መገጣጠሚያዎች ወይም ከጡንቻ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ምንጩን በጣት ጠቁሞ ማሳየት አይቻልም። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ሕመሙን ያብሱታል።

«ልጅነቴ ውኃና እንጨት ስሸከም ነው ያለቀው። ወገቤን የጨረሰው እሱ ነው?»

እናቴ፣ ሸክሙ ቀላል ነው አልልዎትም። ሕመም ይቀሰቅሳል፣ ያባብሳል። ግን ፊንላንድ ውስጥ በሥራቸው የተለያዩ መንትዮችን አከርካሪ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ በዲስክ እርጅና ላይ የዘር ድርሻ ከሸክም ድርሻ በብዙ እንደሚበልጥ አይተዋል። ራስዎን አይውቀሱ። አሁን ግን እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱን ወገብዎ ድረስ ከፍ ያድርጉት። የጀሪካኑንም ውኃ ለሁለት ይከፋፍሉት።

«ጠዋት ስነሳ ለምንድን ነው የሚብስብኝ?»

ሌሊት ስንተኛ ጫናው ስለሚቀንስ ዲስኩ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ጠዋት ላይ ከማታው ይልቅ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የምንረዝመው ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ ጎንበስ ሲባል ይበልጥ ይወጠራል። ከአልጋ እንደተነሳችሁ ከባድ ነገር አታንሱ፤ መጀመሪያ ትንሽ ተራመዱ።

«ስንት ቀን ልተኛ?»

አትተኛ። በጣም ካመመህ አንድ ሁለት ቀን ረገብ በል፣ ከዚያ መራመድ ጀምር። መሬት ላይ መተኛትም ግዴታ አይደለም።

«ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?»

ሽንት አልወጣ ካለ ወይም መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫና የብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነርቮቹ በሰዓታት ውስጥ ሊጎዱ ይችላሉ። ሌላው የአከርካሪ ቲቢ ነው። እኛ አገር አሁንም ያለ በሽታ ነው፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ማሸት አቁሙና ተመርመሩ። በጊዜ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል። ከቆየ ግን አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል።