ባለቤቴ ጡረታ ወጣ፣ ቤቴ ጠበበኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 59 ነው። መምህርት ነበርኩ፤ በጤናዬ ምክንያት ቀደም ብዬ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ደግሞ 60 ሞልቶት በሚያዝያ ወጣ። የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ልጆቻችን የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል፤ ሱሉልታ ባለችን ቤት ሁለታችን ብቻ ነን። ይህን ጊዜ ስናፍቅ ነው የኖርኩት። አሁን ግን የትናንቱን ቀን ልንገርዎትና ይፍረዱ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳ። ጺሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ሰርቪስ እንደሚጠብቅ ሰው መስኮቱ ጋ ቁጭ አለ። ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ከጓሮ ጎመን ቀጥፌ ስመለስ ወጥ ቤቴ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ሁሉም ጣሳ በቁመቱ ተደርድሯል፤ በየጣሳው ላይ ስሙ ተጽፎ በፕላስተር ተለጥፏል። ጮህኩበት። ምንም ሳይል ሄዶ ቲቪ ከፈተ፤ ድምፁን ጣራ አስነክቶ እስከ ማታ ዋለ። ሦስት ጊዜ «ና ቡና ጠጣ» ብዬ ጠራሁት፤ መልስ የለም። መብራት ካጠፋን በኋላ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለኝ። «ማክሰኞ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። 34 ዓመት አብረን ኖረናል። ጠላኝ ማለት ነው? ወይስ እኔ ነኝ የጠላሁት?

መልስ፦ ውድ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልቤ የቀረው ጣሳዎቹ ላይ ነው።

የመጋዘን ሰው ዕድሜ ልኩን ምን ሲሠራ ይኖራል? በሞዴል 19 ቅጽ ዕቃ ያስገባል፣ በሞዴል 22 ቅጽ ያወጣል። ቢን ካርድ በሚባለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ይመዘግባል። ዕቃውን በየዓይነቱ ይደረድራል፣ ስም ይለጥፍበታል። ማንም ሰው አንድ ብሎን እንኳ ከእሱ ሳይፈርም አይወስድም። ባለቤትዎ በሚያዝያ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቆጠርና የሚደረደር ነገር ያለው የት ነው? እርስዎ ወጥ ቤት ብቻ። ሳይጠይቁ መግባታቸው ጥፋት ነው፤ መናደድዎም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከንቀት የመጣ አይመስለኝም። እጃቸው የለመደውን ሥራ ፈልጎ ነው።

እርስዎ ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ ሲወጡ ቤቱ ያውቅዎት ነበር። ጓሮው፣ እድሩ፣ የጎረቤት ቡናው፣ ሁሉም ቦታ ነበረዎት። እሳቸው ግን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ናቸው። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡበት ቤት ነበር፤ ቀን ቀን ምን እንደሚመስል አያውቁትም። ሁሉም ወንበር፣ ሁሉም ሰዓት ባለቤት አለው። ሚያዝያና ግንቦትን ምናልባት ወጣ ገባ ብለው አሳልፈውት ይሆናል። ሐምሌ ሲገባ ግን፣ ያውም እንጦጦን ተሻግሮ ባለው ብርድና ጭጋግ፣ ጭቃው በር ዘጋባቸው። አዲሱ ገበያ ድረስ በታክሲ ወርዶ ከሥራ ባልደረባ ጋር ሻይ መጠጣት እንኳ በዚህ ዝናብ መከራ ነው።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። ሦስት ጊዜ ጠርተው መልስ አጡ። ከየት ሆነው ነው የጠሩት? ከወጥ ቤት ከሆነ አንድ ነገር ልጠርጥር። የቤትዎ ጣራ ቆርቆሮ ነው? በስድሳዎቹ ዕድሜ የብዙ ሰው ጆሮ ቀስ በቀስ ይደክማል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» ያሉት ፊደሎች ይጠፋሉ። ሰውየው ሰው መናገሩን ይሰማል፤ ምን እንደተባለ ግን አይለይም። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። የቲቪውን ድምፅ ጣራ ማስነካታቸውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንጂ የጆሮ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ብዙ ባልና ሚስት «ናቀኝ»፣ «ናቀችኝ» እየተባባሉ ቆይተው ነገሩ የጆሮ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። አንዳንዴ ኩክ ብቻ ነው፤ ታጥቦ ያልቃል። ጤና ጣቢያ ወስደው ያሳዩዋቸው። እስከዚያው ቡናው ሲደርስ ቲቪው ፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን እያዩ ይጥሯቸው።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የትዳር ተመራማሪ አዲስ ተጋቢዎችን ለ6 ዓመት ተከታትሎ ነበር። የሚያጠናው ትልልቁን ጠብ ብቻ አልነበረም። አንዱ ሌላውን በትንሽ ነገር ሲጠራው፣ «እየው ያን ወፍ» ሲለው፣ ሌላው ዘወር ብሎ ያያል ወይስ አያይም የሚለውንም ይቆጥር ነበር። በትዳር የቆዩት ከመቶ 86 ያህል ጊዜ ዘወር ሲሉ፣ የተፋቱት 33 ያህል ብቻ ነበር። የእርስዎ «ና ቡና ጠጣ» እንዲህ ያለ ጥሪ ነው፤ ሳይሰማ ቀረ። የእሳቸውስ? «ዛሬ ምን ቀን ነው?» እኔ ይህን ጥያቄ እንደ ጥሪ ነው ያየሁት። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሱ ሰው በጨለማ ውስጥ ወሬ መጀመሪያ ሲፈልጉ ያገኙት ይህንኑ ነው። እርስዎም አኩርፈው ስለነበር «ማክሰኞ» ብለው ዘጉት። አልፈርድብዎትም፣ ሆድ ብሶዎት ነበር።

ቀን መርሳቱ ብቻውን አያስደንግጥዎት። ደመወዝ፣ ሰኞ፣ ቅዳሜ የሚባል ነገር ሲቀር ቀኑ ሁሉ ይመሳሰላል። የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ወይም አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስቴ ከጠየቁ ግን ለሐኪም ይንገሩ። ሌሊት 11 ሰዓት መንቃቱም የኖረ ልማድ ነው። ነገር ግን ምግብ እየዘጋቸው ከሄደ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላቸውና ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም «ምን ቀረኝ» ማለት ካበዙ፣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያዎ ያለ ሆስፒታል ይዘዋቸው ይሂዱ።

ሌላው ሁሉ የሥራ ጉዳይ ነው። «እስቲ አግዘኝ» አይበሏቸው። የሚያግዝ ሰው አሁንም እንግዳ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ የእሳቸው የሆነ ነገር ይስጧቸው። ለምሳሌ የቤቱን ስንቅ። ጤፉ መቼ ያልቃል፣ ወፍጮ ቤት መቼ ይኬዳል፣ ጋዙ ስንት ቀን ቀረው፣ የመብራት ካርድ መቼ ይሞላል። ደብተር ይግዙላቸው፤ ገቢና ወጪውን ይመዝግቡ። ጤፉን እርስዎ ከሚወዱት ነጋዴ ባይገዙም ዝም ይበሉ። ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ብቻዎን ያስተዳደሩት ቤት ነው። ግን አስረክበው ከኋላ ከተቆጣጠሩ አላስረከቡም። ዝናቡ ጋብ ባለ ሰዓት ደግሞ ወፍጮ ቤት አብራችሁ ሂዱ፤ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከተፋጠው ይልቅ ብዙ ነገር ይወራል።

ጠልቻቸው ይሆን ብለው ጠይቀዋል። የጠላ ሰው «ና ቡና ጠጣ» ብሎ ሦስቴ አይጣራም።

የበርበሬው ጣሳ ግን የእርስዎ ነው። ነገ ጠዋት፣ ሳይቆጡ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይንገሯቸው። «ጣሳዎቼን ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ፤ ወጥ ስሠራ እጄ ሳያይ የሚያገኛቸው እንደዚያ ሲሆኑ ነው። የለጠፍከውን ወረቀት ግን አልነሳውም።»