የባሌ ተራሮች ግግር በረዶ ዕድሜው እንዴት ይለካል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዛሬ ባሌ ላይ ግግር በረዶ የለም። ድሮ እንደነበረ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ጥሎት በሄደው ጓዝ። ግግር በረዶ ሲንሸራተት ድንጋይና አፈር እየገፋ ጫፉና ጎኑ ላይ ይከምራል፤ ክምሩ ሞሬን ይባላል። በቶጎና ሸለቆ እንዲህ ያሉ ረጃጅም ጉብታዎች አሉ። ናዳም ክምር ስለሚሠራ ጉብታ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። የተፋቀና የተጫረ አለት፣ ወለሉ የሰፋ ሸለቆ አብሮ መገኘት አለበት።

ጥያቄ፦ ካርቦን-14 (የሕያው ነገር ቅሪት ዕድሜ የሚለካበት ዘዴ) አይበቃም?

መልስ፦ ቋጥኝ ውስጥ የሚለካ የሕያው ነገር ቅሪት የለም። ዘዴው ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያም አይዘልቅም። ለሐይቅ ደለል ግን ይጠቅማል። በ3,950 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ሥር የወጣው ደለል ወደ 16 ሺህ ዓመት ይጠጋል። በረዶው ከዚያ በፊት ቦታውን ለቋል ማለት ነው፤ ስንት ዓመት ቀድሞ እንደለቀቀ ግን ደለሉ አይናገርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቋጥኙ በምን ይለካል?

መልስ፦ በክሎሪን-36፣ ማለትም አለት ውስጥ በሚፈጠር ብርቅ የክሎሪን ዓይነት። ቋጥኙ ከበረዶው ወጥቶ ለሰማይ ሲጋለጥ ከጠፈር የሚመጣ የኮስሚክ ጨረር በውስጡ ያሉትን ካልሲየምና ፖታሲየም እየመታ ክሎሪን-36 ይፈጥራል። የተጠራቀመው መጠን የተጋለጠበትን ዘመን ያሳያል። በተመሳሳይ መንገድ የሚፈጠረው ቤሪሊየም-10 በብዙ አገር የተለመደ መለኪያ ቢሆንም ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ይፈልጋል፤ የባሌ እሳተ ገሞራ አለት ደግሞ በኳርትዝ ድሃ ነው።

ናሙና የሚወሰደው ከጉብታው አናት፣ ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ካለውና ከማይነቃነቅ ቋጥኝ ነው። ከላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። የቦታው ከፍታና በዙሪያው ያሉ ተራሮች የሚጋርዱት ሰማይ እዚያው ይመዘገባል፤ ቢሮ ገብቶ በግምት መሙላት ውጤቱን ያዛባል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙናው ተፈጭቶ ይነፋል፣ ይታጠባል፣ በሃይድሮፍሎሪክና በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እዚህ ሥራ ላይ ድርሽ ማለት የለበትም፤ ራሱ ክሎሪን አለበት። ክሎሪኑ በሲልቨር ናይትሬት ይዘቅጣል። ሰልፈር-36 በክብደት ከክሎሪን-36 ጋር ስለሚመሳሰል መለኪያውን ያታልላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በባሪየም ተለይቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አንድ ሞሬን ላይ ያሉ ቋጥኞች ዕድሜያቸው ለምን ይለያያል?

መልስ፦ በረዶው ሳይሸከመው በፊት ገደል ላይ ተጋልጦ የቆየ ቋጥኝ ከእውነቱ በላይ ያረጃል። አፈሩ ታጥቦ ዘግይቶ ብቅ ያለ ወይም የተገለበጠ ደግሞ ወጣት ይመስላል። ለዚህ ነው ከአንድ ሞሬን ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ቋጥኝ የሚወሰደው። በአንድ ቋጥኝ ብቻ የቆመ ዕድሜ ባይጠቀስ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የባሌ ውጤት ምን ሆነ?

መልስ፦ በረዶው ከሁሉ ይበልጥ የሰፋው ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ነው። የዓለም በረዶ ጣሪያ የነካው ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ስለሆነ ባሌ ቀድሟል። ምክንያቱ ምናልባት ዝናብ ነው፤ ግግር በረዶ ብርድ ብቻ አይበቃውም፤ የሚመግበው ዝናብም ይሻል።

ጥያቄ፦ እንስሳቱስ?

መልስ፦ ብርዱ የአስታውን ዛፍ ወሰን ወደ ታች ሲገፋ የውርጭ አገር ሣር ሰፋ፤ ዛሬ በየተራራው ተነጣጥለው የቀሩት የቀይ ቀበሮ መንጋዎች ያኔ የሚገናኙበት መሬት ነበራቸው። ሲሞቅ ሣሩ ወደ አናት አፈገፈገ፣ ቀበሮውም ተከተለ። ግዙፉ ፍልፈልም በረዶው ባልደረሰበት መሬት ኖሯል፦ በ3,469 ሜትር ላይ ባለው ፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47 እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት የሰፈሩ ሰዎች ጠብሰው ይበሉት ነበር።

ጥያቄ፦ የስሜን ገደሎችም የበረዶ ሥራ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ቧሂት በተባለው የስሜን ተራራ አናት አካባቢ ትናንሽ ግግሮች ሞሬን ጥለዋል፤ ገደሎቹን የቆረጡት ግን ወንዞች ናቸው።