መልስ፦ አስፈሪ ታሪኮች ከሃይማኖት የማይለዩት ለምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ። አስፈሪ ፊልሞች ቄስና መስቀል የሚያበዙት ሃይማኖትን ለማቃለል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ጉዳዩ ከማቃለል ይልቅ የቆየ ዝምድና ነው። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ምሁር ሩዶልፍ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ሥራው፣ ቅዱስ የሆነው ነገር ሰውን በአንድ ጊዜ የሚያንቀጠቅጥም የሚስብም ምሥጢር መሆኑን አስረድቷል። በመጽሐፍ ቅዱስም መልአክ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ «አትፍራ» ማለት ያስፈልገዋል፤ የሚያስፈራው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ከሰው አቅም በላይ ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመውን፣ ስለ ደም መጣጭ ጭራቅ የሚተርከውን «ድራኩላ» የተሰኘ ልብ ወለድ ይመልከቱ። ጭራቁን የሚያሳድደው ሐኪም ቫን ሄልሲንግ፣ አስቀድሞ የተነከሰችውን ሚና የተባለች ሴት ከደም መጣጩ ለመጠበቅ ብሎ የተቀደሰውን የቁርባን ኅብስት ግንባሯ ላይ ሲያሳርፍ፣ ኅብስቱ እንደ ጋለ ብረት ሥጋዋን ያቃጥለዋል፤ እሷም ረክሻለሁ ብላ ትጮኻለች፤ ጠባሳውም ጭራቁ እስኪሞት ድረስ አይለቃትም። እዚህ ላይ የሚያቃጥለው ቅዱሱ ነገር ራሱ ነው፣ የምትቃጠለውም በፈቃዷ ያልበደለች ሴት ናት። ይህን ትዕይንት ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ርኩሰትና ንጽሕና ምን እንደሆኑ ለማያውቅ አንባቢ ግን ከተራ ቁስል የተለየ ትርጉም አይኖረውም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ዘ ኤግዞርሲስት» የተባለው ፊልም ደግሞ ጥያቄውን ወደ ካህኑ ልብ ያዞረዋል፦ አባ ካራስ ከርኩስ መንፈስ ጋር የሚጋፈጠው እምነቱ በተናወጠበት ሰዓት ነው።

እርግጥ ነው፣ መስቀልን ለማስደንገጫ ጌጥ ብቻ የሚጠቀሙ ፊልሞች ሞልተዋል፤ በእነዚያ ላይ ያለዎትን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ።